ትኩረት የሚያጥራቸው ልጆች፦ ከክኒን ውጭ ያለው ሕክምና የቱ ላይ ይሠራል?

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ። እናት ከኩሽና ሆና ትጣራለች፦ «ናሆምዬ! ፊትህን ታጠብ፣ ዩኒፎርምህን ልበስ፣ ደብተሮችህን ቦርሳ ውስጥ ክተት፣ ምሳ ዕቃህንም እንዳትረሳ!» ናሆም «እሺ እማዬ!» ይላል። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ስትገባ አንድ እግሩ ላይ ካልሲ አጥልቆ፣ ሁለተኛውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እስክርቢቶ ሲፈታታ ታገኘዋለች። ፊቱ አልታጠበም። የሒሳብ ደብተሩ ያለበትን የሚያውቅ የለም። ሰርቪሱ ውጭ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል። «አንተ ልጅ፣ ጆሮ የለህም እንዴ? ስንት ጊዜ ነው የሚነገርህ?»

ናሆም የሚባለውን ልጅ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ጠዋቱን ግን አልፈጠርኩትም፤ በየሰፈሩ አለ። ልጁ ጆሮ አለው። «እሺ» ያለውም ለማታለል አይደለም። አራት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ ሲወርድበት የመጀመሪያውን ሊፈጽም ተነሣ፤ መንገዱ ላይ እስክርቢቶ አገኘ፤ የቀሩት ሦስቱ ከሐሳቡ በነው ጠፉ።

እንዲህ ያለው ጠዋት አልፎ አልፎ ሲያጋጥም ልጅነት ነው። በየቀኑ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ሲደጋገምና ልጁን ከትምህርቱ፣ ከጓደኞቹና ከቤተሰቡ ጋር ሲያጋጨው ግን ሐኪሞች ኤዲኤችዲ ብለው የሚጠሩት ችግር ይጠረጠራል፤ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ ማለት ነው። ምልክቶቹ ቢያንስ ለስድስት ወር መቆየት፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ በፊት መታየትና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መከሰት አለባቸው። መልኩ አንድ ዐይነት አይደለም። ወንበር ላይ አልረጋ የሚለውን፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የሚያቋርጠውን፣ ወረፋ መጠበቅ የማይሆንለትን ልጅ ሁሉም ያየዋል፤ ስሙም ብዙ ነው፦ ቀዥቃዣ፣ ረባሽ፣ ቅብጥብጥ። በመስኮት አሻግራ እያየች ክፍለ ጊዜው የሚያልቅባትን ጸጥተኛ ልጅ ግን ማንም ልብ አይላትም። «ፈዛዛ» ተብላ ትታለፋለች። ብዙ ሴቶች ልጆች ችግራቸው ሳይታወቅላቸው ዓመታት የሚያልፉት በዚህ መንገድ ነው።

መነሻው በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው። በመንትዮች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ በልጆች መካከል ከሚታየው ልዩነት ወደ 74 በመቶ የሚጠጋው ከዘረ መል ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል። ልጁን ይዞ ሐኪም ዘንድ የቀረበ አባት ጥያቄዎቹን ሲሰማ «ይህ እኮ እኔ ነኝ» ቢል የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ስድብ ከእውነቱ ይርቃል። አስተዳደግ ችግሩን ባያመጣውም ግን ሊያከብደውም ሊያቀለውም ይችላል፤ ከመድኃኒት ውጭ ያለው ሕክምና በሙሉ የቆመው በዚህች ክፍተት ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ

በዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው መድኃኒቱን ማጣጣል ይቀናዋል። እኔ አላደርገውም። አነቃቂ የሚባሉት መድኃኒቶች፣ በተለይ ሜቲልፌኒዴት፣ ትኩረትን በማሰባሰብና መቅበጥበጥን በመቀነስ ረገድ እስካሁን ከሚታወቀው ሁሉ ፈጣንና ጉልህ ውጤት አላቸው። አሜሪካ ውስጥ 579 ልጆችን ለ14 ወራት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት ልጆቹን በአራት ቡድን ከፍሎ ነበር። አንዱ በጥንቃቄ የተመጠነ መድኃኒት ብቻ፣ ሌላው ጠንከር ያለ የባሕርይ ሕክምና ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም፣ አራተኛው ደግሞ በየአካባቢው የሚገኘውን የተለመደ ሕክምና አገኙ። በዋናዎቹ ምልክቶች ላይ ጥናቱ ራሱ መድኃኒት የሰጣቸው ሁለቱ ቡድኖች በለጡ። ሁለቱን ያጣመሩት ልጆች ግን ባነሰ የመድኃኒት መጠን ያንኑ ያህል ተሻላቸው፤ ጭንቀት ባለባቸው ልጆችና በልጅና በወላጅ ግንኙነት ላይም ተጨማሪ ጥቅም ታየ። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ሲታዩ በአራቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር። ይህንን የመጨረሻውን ነጥብ ብዙ ሰው መጥቀስ ይረሳል።

መድኃኒቱ ልጁ ለአርባ ደቂቃ መጽሐፉ ላይ እንዲቆይ ያግዘዋል። የቤት ሥራን መዝግቦ መምጣትን፣ ከእኅት ጋር ሳይጣሉ መጫወትን፣ ተሸንፎ አለመናደድን ግን አያስተምረውም። ማታ ኃይሉ ሲያልቅ ደግሞ ቤተሰቡ ከልጁ ጋር ብቻውን ይቀራል።

ዕድሜም ይወስናል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው መመሪያ፣ ስድስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች በቅድሚያ የሚታዘዘው ለወላጆች የሚሰጥ የባሕርይ አያያዝ ሥልጠና ነው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ መድኃኒቱና የባሕርይ ሕክምናው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያም ከአምስት ዓመት በታች ላሉት የሚጀምረው ከወላጆች ሥልጠና ነው። ከዚያ በላይ ለሆኑት መድኃኒት የሚቀርበው አካባቢያቸው ተስተካክሎላቸውም ችግሩ ከጸና ነው። ልጃችሁ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ ይህን አንብባችሁ ነገ ጠዋት ክኒኑን አታቋርጡ፤ ያ ከሐኪሙ ጋር የሚመከርበት ነገር ነው።

ሠልጣኙ ወላጅ ነው

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ቅር ይለዋል። «ችግሩ የልጁ፣ የምሠለጥነው እኔ?» ቅሬታው ይገባኛል። ምክንያቱ ግን እንዲህ ነው፦ ናሆምን በረጋ ሰዓት «ጠዋት ስትነሣ ምን ምን ይደረጋል?» ብላችሁ ጠይቁት። አንድም ሳያጓድል ይዘረዝርላችኋል። እውቀት አልጎደለውም። የሚያቅተው የሚያውቀውን በሚያስፈልግበት ደቂቃ መሥራቱ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ለአርባ አምስት ደቂቃ ቢወያይ፣ ውይይቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ አጠገቡ የለም። አጠገቡ ያለችው እናቱ ናት። ሕክምናው ወደ እርሷ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የጊዜ ጉዳይ ነው። ለእነዚህ ልጆች የራቀ ሽልማትም የራቀ ቅጣትም እንደሌለ ይቆጠራል። «ሰኔ ላይ ጥሩ ውጤት ካመጣህ ብስክሌት እገዛልሃለሁ» የሚል ቃል ጥቅምት ላይ ላለ የስምንት ዓመት ልጅ ከተረት አይለይም። «አባትህ ማታ ሲመጣ ታገኛታለህ!» የሚለውም ያው ነው፤ አባት ማታ ሲቆጣ ልጁ ጥፋቱን ከነጭራሹ ረስቶታል፤ የሚያስታውሰው መቀጣቱን ብቻ ነው።

ሥልጠናው በአብዛኛው በሳምንት አንድ ጊዜ እየተገናኙ ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ይዘልቃል። የሚጀምረው ብዙዎች ከማይጠብቁት ቦታ፣ ከጨዋታ ነው። ወላጅ በቀን ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ ከልጁ ጋር ይቀመጣል፤ ልጁ ይመርጣል፣ ወላጅ ይከተላል። አያርምም፣ አያዝዝም፣ «ይህ ምን ዐይነት ቀለም ነው?» እያለ አይፈትንም። ቀላል ይመስላል። ሞክሩትና ሦስተኛው ደቂቃ ላይ «እንደሱ አይደለም፣ አምጣ ላሳይህ» የሚል ቃል ከአፋችሁ ሲያመልጥ ትሰሙታላችሁ። ቀኑን ሙሉ «ተው! ተቀመጥ! አታስቸግር!» ሲባል ለሚውል ልጅ የወላጁ ድምፅ ራሱ ቁጣ ማለት ይሆናል፤ ይህ የጨዋታ ሰዓት ድምፁን መልሶ ይጠግነዋል።

ቀጥሎ ምስጋና ይመጣል፤ እዚህ ላይ አስተዳደጋችን ይከብደናል። ልጅ ፊት ለፊት ከተመሰገነ ይበላሻል የሚል ፍራቻ አለ። ሥልጠናው የሚጠይቀው ማቆለጳጰስን አይደለም፤ የተሠራውን ሥራ በስሙ መጥራትን ነው። «ጎበዝ!» ብቻ ከሆነ ልጁ ምኑ እንደተወደደለት አያውቅም። «ሳትጠራ መጥተህ ጫማህን ቦታው አስቀመጥክ፣ ጎበዝ» ሲባል ግን ነገ ምን እንደሚደግም ያውቃል። ምስጋናው ደግሞ እዚያው፣ ጫማው ገና ከእጁ ሲወርድ መሆን አለበት።

ትእዛዝም የራሱ ሙያ አለው። ከኩሽና መጮህ ቀርቶ ወደ ልጁ ይኬዳል፤ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ አንድ ነገር ብቻ ይታዘዛል። «ፊትህን ብትታጠብ ምን ይመስልሃል?» አይባልም፤ ጥያቄ ከሆነ መልሱ «ቆይ» ነው። «ናሆም፣ ሂድና ፊትህን ታጠብ» ተብሎ ጥቂት ሰከንድ በዝምታ ይጠበቃል። ሲመለስ «ወዲያው ታጠብክ» ይባላል፤ ከዚያ ሁለተኛው ትእዛዝ ይከተላል። ቦርሳው ማታ ተዘጋጅቶ በሩ ሥር ይቀመጣል፤ ልብሱ በሚለበስበት ቅደም ተከተል ወንበር ላይ ይደረደራል፤ የጠዋቱ ሥራዎች በሥዕል ተሥለው በልጁ ቁመት ልክ መኝታ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋሉ። እናት ከእንግዲህ «ምን ቀረህ? በሩን እየው» ማለት ትችላለች። ልጁ በአእምሮው መያዝ ያቃተውን ዝርዝር በሩ ይይዝለታል።

ለሽልማት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ለአንዲት እናት ባዶ የጃም ጠርሙስና አንድ ኩባያ ባቄላ በቂዋ ነው። እያንዳንዱ የተፈጸመ ሥራ አንድ ባቄላ፤ ዐሥር ባቄላ ሲሞላ ማታ ተረት የመምረጥ መብት ወይም ከአባት ጋር ኳስ መጫወት፤ ሠላሳ ሲሞላ ቅዳሜ ምሳ ምን እንደሚሠራ ልጁ ይወስናል። ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ አለ፤ ልጁ ባጠፋ ቁጥር ባቄላውን መልሰው መውሰድ ይጀምራሉ። ጠርሙሱ በሦስተኛው ቀን ባዶ ይሆናል፣ ልጁም ጨዋታውን ይተወዋል። ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተሰጠ አይነጠቅም። ሌላው ስሕተት በአንድ ጊዜ ዐሥራ አምስት ባሕርይ ለማረም መነሣት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል፤ አንዱም ልጁ አሁንም ቢሆን በከፊል የሚያደርገው ይሁን፣ ገና ከመነሻው እንዲያሸንፍ።

ቅጣቱስ? አለ፤ ግን አጭር፣ ወዲያውኑ የሚፈጸምና አስቀድሞ የተነገረ ነው። ለምሳሌ መጫወቻውን ወርውሮ ከሆነ መጫወቻው ለግማሽ ሰዓት ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ስብከት አይጨመርበትም። ትኩረት ለመሳብ የሚደረግ ማላዘን ደግሞ በዝምታ ይታለፋል። ይህን የሚሞክር ወላጅ አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ፦ ማላዘኑ ከመቀነሱ በፊት ይብሳል። ልጁ የለመደው መንገድ ሲዘጋበት ጮክ ብሎ ያንኳኳል። በስምንተኛው ደቂቃ ተሸንፎ «እንካ፣ ውሰድ!» ያለ ወላጅ ለልጁ ያስተማረው ስምንት ደቂቃ መጮህ እንደሚያዋጣ ነው።

ቁንጥጫ፣ አርጩሜ፣ ማንበርከክ፣ በርበሬ ማጠን፦ ስንቶቻችን ያደግንባቸው ናቸው። ማንንም ለመክሰስ አልጻፍኩም፤ ነገር ግን ለዚህ ችግር አይሠሩም። ለጊዜው ጸጥ ያሰኛሉ፤ ጸጥታው ወላጅን ያታልላል። ፍሬን የላላበትን መኪና በመደብደብ ፍሬኑ አይጠብቅም። የሚተርፈው ፍርሃትና ውሸት ነው፤ የበርበሬ ጭስ ደግሞ ዓይንና ሳንባ ላይ በቀጥታ ጉዳት ያደርሳል።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ይሠራል? በዚህ ጥያቄ ላይ ተመራማሪዎች ራሳቸው ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከመድኃኒት ውጭ ያሉ ሕክምናዎችን የፈተሹ በርካታ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲመዘኑ አንድ የማይመች ነገር ታየ። ውጤቱን የገመገሙት ሥልጠናውን የወሰዱት ወላጆች ራሳቸው ሲሆኑ የልጆቹ መሻሻል ጥሩ ነበር፤ ማን ምን ሕክምና እንዳገኘ የማያውቅ ሰው ሲገመግም ግን በዋናዎቹ ምልክቶች ላይ የታየው ለውጥ ክፉኛ ቀነሰ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣ ሌላ ምዘና ደግሞ ሥዕሉን ሞላው። በማያውቅ ሰው ዓይን ሲታይም ቢሆን የወላጆች አያያዝ ተሻሽሏል፤ የልጆቹ እምቢተኝነትና ጠብ ቀንሷል። በእኔ ግምት ይህ ትንሽ አይደለም። ቤተሰብን የሚያፈርሰው የእግር መወዛወዝ ሳይሆን የማታው ጦርነት ነውና።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ አለው። የባሕርይ ሕክምናን በማስፋፋት ስሙ የሚነሣው አሜሪካዊው ዊልያም ፔላም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው ጥናት ከ140 በላይ ልጆች በሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በትንሽ መጠን መድኃኒት፣ ግማሾቹ በአጭር የወላጅ ሥልጠናና በክፍል ውስጥ ክትትል ጀመሩ። በቂ ለውጥ ላላሳዩት በኋላ የጀመሩበት ሕክምና መጠን ወይም ሌላው ሕክምና ተጨመረላቸው። በባሕርይ ሕክምና የጀመሩት በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ክፍል ውስጥ የተሻለ ሥርዓት ነበራቸው። መድኃኒት ቀድሞ የተጀመረላቸው ልጆች ወላጆች ደግሞ በኋላ ሥልጠና ሲቀርብላቸው አብዛኞቹ ቀሩ። ክኒኑ ትንሽ ፋታ ሲሰጥ ማን ማታ ማታ ስብሰባ ይሄዳል? ሰው ነን።

አንዲት ካርድ

ትምህርት ቤትን በተመለከተ ብዙ መዘርዘር ይቻላል፤ እኔ ግን አንድ መሣሪያ ላይ ልቆይ፣ ርካሽና ብዙ የተፈተነ ስለሆነ። የዕለት ካርድ ነው። በፖስታ ካርድ መጠን የተቆረጠ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይጻፋል፦ «ሳይፈቀድልኝ ከወንበሬ ከሦስት ጊዜ በላይ አልተነሣሁም»፣ «እጄን አውጥቼ ተናገርኩ»፣ «የቤት ሥራዬን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ»። በመስመሮቹ ትይዩ ክፍለ ጊዜዎቹ ይሰመራሉ። መምህሯ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ አዎ ወይም አይ ትላለች፤ አሥር ሰከንድ የሚወስድ ሥራ ነው። ካርዱ ማታ ቤት ይመጣል፤ አዎዎቹ ይቆጠሩና ወደ ባቄላ ይለወጣሉ።

ምሥጢሩ ቁጥሩ ላይ ነው። «በጥሩ ሥነ ምግባር ዋለ» የሚል መስመር ከንቱ ነው፤ መምህሯም ልጁም አይስማሙበትም። ልጁ አሁን በአንድ ክፍለ ጊዜ ስምንት ጊዜ የሚነሣ ከሆነ ግቡ ዜሮ ሳይሆን አምስት ይሁን፤ ያንን በአብዛኛው ቀን ሲያሳካ ወደ ሦስት ይወርዳል። ካርዱ ቤት ሲደርስ ወላጅ በመጀመሪያ የሚያነበው አዎዎቹን ነው። አይዎቹን እያነበበ የሚጮህ ወላጅ ካለ ካርዱ በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ «ይጠፋል»።

በአንድ ክፍል ስድሳና ከዚያ በላይ ተማሪ የምታስተምር መምህር ይህን ስታነብ ብትስቅ አልፈርድባትም። ለእርሷ በየክፍለ ጊዜው ሳይሆን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከረፍት በፊትና ከሰዓት በኋላ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ልጁን ከመስኮትና ከበር ርቆ ከሰሌዳው ፊት ለፊት ማስቀመጥ፣ ጠመኔና ዳስተር እንዲያመጣ መላክ፣ ረጅሙን ጥያቄ ከፍሎ መስጠት፣ ስታልፍ በጣት ደብተሩን ነካ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም። ጠመኔ እንዲያመጣ የተላከ ልጅ ተንቀሳቅሷል፤ ደግሞም ተመስግኗል።

በጎረምሳ ላይ ባቄላ አይሠራም

የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ባቄላ ቢቆጠርለት ይስቅባችኋል። በዚህ ዕድሜ መቅበጥበጡ ከውጭ ብዙም አይታይም፤ ወደ ውስጥ ይገባና እረፍት ማጣት ይሆናል። የሚታየው ሌላ ነው፦ ነገ መቅረብ ያለበት ሥራ ለሦስት ሳምንት ሲተላለፍ ቆይቶ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ በለቅሶ ይጀመራል። ስለዚህ ሕክምናው ወደ አደረጃጀት ያዘነብላል። አንድ ማስታወሻ ደብተር ብቻ፤ እያንዳንዱ ትልቅ ሥራ ወደ ትንንሽ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ቀን ይቆረጥለታል፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ሥራ፣ አምስት ደቂቃ ዕረፍት፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ውስጥ። «ስልኩ ተገልብጦ ጠረጴዛው ላይ» የሚለው ስምምነት አይቆጠርም፤ ሁላችንም ሞክረነዋል።

ይህን ክህሎት ማሠልጠን ፍሬ እንዳለው ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነ ጥናት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉ 158 ልጆች ዕቃ አያያዝ፣ ጊዜ አጠቃቀምና ዕቅድ አወጣጥ ላይ ሲታገዙ፣ ተራ ሲጠብቁ ከቆዩት በግልጽ ተሻሉ፤ የሚገርመው ልጁን ራሱን ማሠልጠንም ሆነ ወላጅና መምህር ለውጤቱ እንዲሸልሙ ማድረግ በአብዛኛው ተቀራራቢ ውጤት አመጡ። መድኃኒት ወስደውም ችግሩ ለቀረባቸው ታዳጊዎች ደግሞ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የሚባለው፣ «ነገ እጀምረዋለሁ» የሚለውን ሐሳብ ይዞ የሚመረምርና ዕቅድ የሚያስለምድ ውይይት ጥቅም አሳይቷል፤ ናይስም ይመክረዋል።

ከወላጅ ጋር የሚደረገው ነገር በዚህ ዕድሜ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ድርድር ይሆናል። አባትና ልጅ ተቀምጠው ይጽፋሉ፦ እስከ ዐርብ ሁሉም የቤት ሥራ ከገባ ቅዳሜ ከጓደኞች ጋር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። ሁለቱም ይፈርማሉ። አባትም ቃሉን ካፈረሰ ይጠየቃል፤ ይህ ለአንዳንድ አባት ከባድ ነው፣ ልጁ ግን ወረቀቱን ከቁም ነገር የሚቆጥረው ያን ጊዜ ነው።

ስኳር፣ እንቅልፍና ጨዋታ

«ከረሜላ በልቶ ነው እንዲህ የሚሆነው» የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ልጆቻቸው በስኳር ይነሣሉ የሚሉ እናቶችን ሰበሰቡ። ለሁሉም ልጆች ስኳር የሌለበት ጣፋጭ መጠጥ ተሰጠ፤ ግማሾቹ እናቶች ግን «ልጅሽ ብዙ ስኳር ጠጥቷል» ተባሉ። እነዚህ እናቶች ልጆቻቸው ከሌሎቹ ይልቅ እንደተቅበጠበጡ ተናገሩ፤ በቪዲዮ ሲታዩም ከልጁ አጠገብ አይርቁም፣ ብዙ ይነቅፋሉ። ስኳሩ የነበረው እናቶቹ ሐሳብ ውስጥ ነበር። ጥርስን ያበላሻል፣ ኤዲኤችዲን ግን አያመጣም።

ሰው ሠራሽ የምግብ ቀለም ትንሽ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ሙከራ የቀለሞችና የማቆያ ድብልቅ አንዳንድ ልጆችን በመጠኑ እንደሚያቅበጠብጥ ታየ፤ ከ2010 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ስድስት ቀለሞች ባሉባቸው ምግቦች ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያዛል። ደማቅ ቀይና ብርቱካናማ ለስላሳ መጠጥ መቀነስ ማንንም አይጎዳም። የዓሣ ዘይት እንክብል ደግሞ ቢጠቅም በጣም ትንሽ ነው።

እንቅልፍ ግን ብዙ ይሠራል። አውስትራሊያ ውስጥ 244 ልጆች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ወላጆች ሁለት ጊዜ በአካል ከባለሙያ ጋር ተገናኝተው ስለ መኝታ ሰዓት ልማድ ሲመከሩ የልጆቹ እንቅልፍ ብቻ ሳይሆን የኤዲኤችዲ ምልክታቸውም በመጠኑ ቀለለ። እንቅስቃሴም እንዲሁ፤ ሃያ ደቂቃ ፈጠን ያለ ርምጃ እንኳ ወዲያው ተከትሎት የሚመጣውን ሥራ ያግዛል። ስለዚህ «የቤት ሥራህን ሳትጨርስ ኳስ የለም» የሚለውን የቆየ ደንብ ገልብጦ መሞከር ይቻላል፦ በመጀመሪያ ኳስ፣ ከዚያ ደብተር። ረባሽን ልጅ ከረፍት ሰዓት መከልከልም የሚያስፈልገውን መንፈግ ነው።

በብዙ ገንዘብ የሚሸጠው

ራስ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የአንጎል ሞገድ በኮምፒውተር እየታየ የሚደረግ ልምምድ አለ፤ ኒውሮፊድባክ ይባላል። በአሜሪካም በአውሮፓም ውድ ነው፤ ብዙ ቀጠሮ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ሙከራ ከ140 በላይ ልጆች የሚበዙት እውነተኛውን፣ ሌሎቹ የማስመሰያውን ልምምድ አደረጉ፤ ማን የትኛውን እንዳገኘ ወላጅም ልጅም አያውቅም። ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ፣ እኩል። መሻሻሉ ከሽቦው ሳይሆን ከተደጋጋሚው ክትትል፣ ከተስፋና ልጁ ከሚያገኘው የአዋቂ ትኩረት የመጣ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለ8-12 ዓመት ልጆች የፈቀደው የቪዲዮ ጨዋታም በኮምፒውተር ላይ የሚደረገውን የትኩረት ፈተና ውጤት አሻሻለ፤ ወላጆች ቤት ውስጥ ያዩት ለውጥ ግን ከሌላ ተራ ጨዋታ አልበለጠም። የማስታወስ ማሠልጠኛ ፕሮግራሞችም ታሪካቸው ተመሳሳይ ነው፦ ልጁ የሚጎብዘው በዚያው ጨዋታ ነው።

ወዴት ይኬዳል?

ከሁሉ በፊት ጆሮና ዓይን ይመርመር። ለሰከንዶች ፈዝዞ የሚመለስ ልጅ ካለ ደግሞ ይህን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ ሳይጥሉና ሳያንቀጠቅጡ የሚመጡ የሚጥል በሽታ ዐይነቶች አሉና። አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የካቲት 12 ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ያላቸው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠናም ለኢትዮጵያ ተስማምቶ ተሞክሯል፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። ለኤዲኤችዲ ብቻ የተዘጋጀ ባይሆንም አካሄዱ ከላይ ያየነው ነው፦ በጨዋታ ይጀምራል፣ በዕለት ተዕለት ሥራ ይቀጥላል። ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ጠበሉ ይህን ሁሉ ከማድረግ አያግድም።

አሜሪካ ላላችሁ ትምህርት ቤቱ ልጃችሁን እንዲመረምር በጽሑፍ መጠየቅ መብታችሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ሕግ የተወሰደውና 504 በመባል የሚታወቀው ዕቅድ ልጁ ፊት እንዲቀመጥ፣ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ እንዲያገኝ፣ የዕለት ካርድ እንዲሞላለት ሊያደርግ ይችላል። ለስብሰባው አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ትምህርት ቤቱ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ ራሱ ጥፋት ሲተረጉም ምን እንደሚያስቀር መገመት አያዳግትም።

ካርዱ ሥራውን መሥራት ሲጀምር፣ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ወላጅ ይዘናጋል። «ተሻለው» ይባልና ካርዱ መሳቢያ ይገባል። በወሩ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ያን ጊዜ «አልሠራም» ይባላል። ካርዱ የሚቀነሰው ቀስ እያለ ነው፤ በየቀኑ የነበረው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከዚያ ዐርብ ብቻ። መስከረም ሲጠባ መምህሯ ትቀየራለች፣ ክፍሉ ይቀየራል፣ ናሆምም ክረምቱን ሙሉ ያለ ሰዓት የዋለ ነው። እናት ከመሳቢያው አንዱን ካርድ ታወጣለች፤ «ሁለተኛ ክፍል» የሚለውን ሰርዛ «ሦስተኛ» ትጽፍበታለች፤ በሩ ላይ ያለውንም ሥዕል ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ትለጥፈዋለች፤ ቁመቱ ጨምሯልና።